የክሮሞዞም ቁጥር በየትኛው ኅብረ ሕዋስ? በዕፅዋት አካል ውስጥ የሚታየው የቁጥር ልዩነትና ለዝርያ ማሻሻል ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

በዕፅዋት ሥነ ሕይወት መጻሕፍት እያንዳንዱ ዝርያ ከአንድ ቁጥር ጋር ተያይዞ ይቀርባል። ገብስ 14፣ እንሰት 18፣ ማሽላ 20፣ ኑግ 30፣ ጤፍ 40፣ የአረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞሞች እንዳሏቸው ይነገራል። ቁጥሮቹ ትክክለኛ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ በአብዛኛው የተቆጠሩት በመከፋፈል ላይ ካሉ የሥር ጫፍ ሕዋሳት ነው። ከዚያው ተክል ከጎለመሰ ቅጠል፣ ከፍሬ ሥጋ ወይም በዘር ውስጥ ካለው የምግብ ክምችት የተወሰደ ሕዋስ ቢመረመር ውጤቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። የአንድ ተክል ሕዋሳት ሁሉ ከአንድ የተዳቀለ ሕዋስ የመጡ ቢሆኑም ሁሉም እኩል የዲኤንኤ መጠን ይዘው አይኖሩም።

ይህ ልዩነት ለዝርያ አሻሻዮች ከዕውቀት ያለፈ ትርጉም አለው። በኮልቺሲን የታከመ ችግኝ ቅጠሉ ሲወፍርና የቅጠሉ ቀዳዳዎች ሲተልቁ የክሮሞዞም ቁጥሩ እጥፍ እንደሆነ ተቆጥሮ ሊመዘገብ ይችላል። ዘሩ በቀጣዩ ወቅት ሲዘራ ግን ልጆቹ በሙሉ እንደ ቀድሞው ዲፕሎይድ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቆጠራው አልተሳሳተም፤ የተቆጠረው ኅብረ ሕዋስ ዘር የሚሰጠው አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው። የክሮሞዞም ቁጥር ለውጥ ለዝርያ ማሻሻል የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው ለውጡ በተክሉ አካል ውስጥ ባረፈበት ስፍራ መጠን ነው።

በዕድገት ሥርዓት የሚመጣና በአጋጣሚ የሚመጣ ልዩነት

በኅብረ ሕዋሳት መካከል የሚታየው ልዩነት ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው የተክሉ መደበኛ ዕድገት አካል ነው። ሕዋስ በተለመደው አካሄድ ዲኤንኤውን ያባዛል፣ ክሮሞዞሞቹን ለሁለት ይለያል፣ ከዚያም ለሁለት ይከፈላል። ብዙ የዕፅዋት ሕዋሳት ግን መከፈል አቁመው የተለየ ተግባር ሲይዙ ማባዛቱን ይቀጥላሉ፤ መለየቱንና መከፈሉን ይተዋሉ። ይህ ሂደት ኢንዶሪዱፕሊኬሽን ይባላል። መጠኑ የሚገለጸው በ‹ሲ› ሲሆን 1ሲ ማለት ያልተባዛ አንድ ነጠላ የክሮሞዞም ስብስብ የሚይዘው የዲኤንኤ መጠን ነው። የዲፕሎይድ ተክል ሕዋስ ከመባዛቱ በፊት 2ሲ፣ ከተባዛ በኋላ 4ሲ ይሆናል። ሳይከፈል ደጋግሞ ሲባዛ ወደ 8ሲ፣ 16ሲ እና 32ሲ ያድጋል።

ምሳሌዎቹ ብዙ ናቸው። የሥነ ዘረመል ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ትንሹ ተክል አራቢዶፕሲስ 10 ክሮሞዞሞች ብቻ ያሉት ሲሆን በቅጠሉና በቅጠሉ ፀጉሮች እስከ 32ሲ የደረሱ ሕዋሳት ይገኙበታል። በበቆሎ ዘር ውስጥ ያለው ኢንዶስፐርም ከመነሻው 3ሲ ሆኖ ይጀምርና ስታርች በሚያከማችበት ጊዜ እስከ 96ሲ እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የቲማቲም ፍሬ ሥጋ ትልልቅ ሕዋሳት 256ሲ የሚደርሱ ኒውክሊየሶች አሏቸው። ቀይ አበባ ባለው የአደንጓሬ ዘመድ፣ ጽንሱን ከእናት ተክል ጋር በሚያያይዘው ክፍል የሚገኙ ሕዋሳት እስከ 8192ሲ ይደርሳሉ። በአተርና በአልፋልፋ ሥር ላይ ናይትሮጂን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች በሚኖሩባቸው እባጮች ውስጥም ባክቴሪያ የያዙት ሕዋሳት ዲኤንኤያቸውን ደጋግመው ያባዛሉ። ከእነዚህ ሁሉ እንደሚታየው ሂደቱ የሚጎላው ሕዋሱ በፍጥነት መተለቅ፣ ማከማቸት ወይም ሌላ አካል መመገብ በሚኖርበት ቦታ ነው።

አሠራሩ በከፊል ይታወቃል። ሕዋሱን ወደ ክፍፍል የሚገፉት ሳይክሊን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሲሲኤስ52ኤ የተባለ ፕሮቲን እነዚህን ለማፍረስ የሚያበቃውን የፕሮቲን ስብስብ ሲያነሣሣ ሕዋሱ ወደ ክፍፍል መግባቱ ይቀራል፤ ዲኤንኤ የማባዛት ሥራው ግን አይቋረጥም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢንዶሪዱፕሊኬሽን የተባዙት ክሮማቲዶች ብዙ ጊዜ ሳይለያዩ አብረው ስለሚቀሩ የሚጨምረው በቅድሚያ የዲኤንኤ መጠን ነው። የክሮሞዞም ቁጥር መጨመሩ በግልጽ የሚታየው ያ ሕዋስ በሆነ ምክንያት ተመልሶ ወደ ክፍፍል ሲገባ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከዕድገት ሥርዓት ውጪ የሚከሰት ለውጥ ነው። ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት ጫፍ የሚጎትተው ስፒንድል በተፈጥሮ ወይም በመድኃኒት ሲሰናከል የሕዋሱ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ክሮሞዞሞች ወደ ኋላ ቀርተው ሲጠፉ ደግሞ አኒዩፕሎይድ ሕዋስ ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ሕዋስ በዕድገት ጫፍ ላይ ከሆነ መከፋፈሉን ስለሚቀጥል ዘሮቹ ከተክሉ አካል አንዱን ክፍል ይይዛሉ። የተለያየ የክሮሞዞም ቁጥር ያላቸው ሕዋሳት ጎን ለጎን የሚኖሩበት ተክል ሚክሶፕሎይድ ይባላል፤ ልዩነቱ በንብርብር ወይም በክፋይ ተለይቶ ሲቀመጥ ደግሞ ካይሜራ ይባላል።

የሁለቱ ምንጮች ልዩነት በዝርያ ማሻሻል ቋንቋ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተለወጠ ሕዋስ የአካሉን ሥራ ሠርቶ ይሞታል እንጂ በተለመደው ሁኔታ ወደ ልጅ አይተላለፍም። በሁለተኛው መንገድ የተለወጠው ግን በዕድገት ጫፍ ውስጥ ስላለ የመተላለፍ ዕድል አለው። ዕድሉ እውን መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የዕድገት ጫፉ አወቃቀር ነው።

የዕድገት ጫፍ ሦስት ንብርብሮች

የዕድገት ጫፍ በተለያዩ የሕዋስ ንብርብሮች የተሠራ መሆኑን ካረጋገጡት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1940 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሌክስሊ እና ኤቨሪ በ1937 ኮልቺሲን የዕፅዋትን ክሮሞዞም ቁጥር እጥፍ እንደሚያደርግ ካሳወቁ በኋላ፣ ከሳቲና ጋር ሆነው 24 ክሮሞዞሞች ያሉትን ዳቱራ የተባለ ተክል በዚሁ መድኃኒት አከሙት። በውጤቱ አንዱ ንብርብር ዲፕሎይድ፣ ሌላው ቴትራፕሎይድ ወይም ከዚያም በላይ የሆኑ ተክሎች ተገኙ። የኒውክሊየስ መጠን እንደ ቀለም ምልክት ሆኖ ስላገለገለ የእያንዳንዱ ንብርብር ዘር በቅጠል፣ በግንድና በአበባ ውስጥ የት እንደሚደርስ ለመከተል ተቻለ።

በአብዛኞቹ ባለ ሁለት ክክ ዕፅዋት የመጀመሪያው ንብርብር የአካሉን ውጫዊ ሽፋን ይሰጣል፤ የቅጠል ቀዳዳ ጠባቂ ሕዋሳትም ከእርሱ ይወጣሉ። ሁለተኛው ንብርብር የቅጠሉን የውስጥ ሥጋ ብዙ ክፍል ይሠራል፤ የጽጌ ብናኝና እንቁላል ሕዋሳትም የሚገኙት በመሠረቱ ከእርሱ ነው። ሦስተኛው ንብርብር የግንዱን መሐልና የውሃና የምግብ ማስተላለፊያ መስመሮችን ይይዛል፤ ከግንድ ቁራጭ የሚበቅሉ ሥሮችም አብዛኛውን ጊዜ ከውስጠኛ ኅብረ ሕዋሳት ይነሣሉ። በሣር ወገን ሰብሎች ንብርብሮቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው።

ካይሜራዎች የሚጻፉት ከውጭ ወደ ውስጥ በሦስት ቁጥሮች ነው። ‹4-2-2› የሆነ ተክል ቴትራፕሎይድ ሽፋን ያለው ዲፕሎይድ ነው። የቅጠል ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ዘሩ ግን ዲፕሎይድ ነው። ‹2-4-2› የሆነ ተክል ደግሞ ከላይ ሲታይ እንደ ማንኛውም ዲፕሎይድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጋሜቶቹ እጥፍ ቁጥር አላቸው። የቅጠል ቀዳዳን ብቻ የሚመለከት መርማሪ የመጀመሪያውን ተክል ይዞ ሁለተኛውን ይጥላል። ይህም ማለት የማይጠቅመውን አስቀርቶ የሚፈለገውን ያስወግዳል ማለት ነው።

አወቃቀሩ በፍራፍሬ ዛፎችም ታይቷል። በአፕል እርሻዎች ላይ አልፎ አልፎ ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከመደበኛው የተለቀ ፍሬ የሚሰጥ ለውጥ ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ የተመረመሩት ብዙዎቹ ‹2-2-4› ወይም ‹2-4-4› የሆኑ ካይሜራዎች ናቸው። ሁለቱም ትልቅ ፍሬ ይሰጣሉ። ለማዳቀል የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ንብርብሩ የተለወጠው ‹2-4-4› ነው፤ ከዲፕሎይድ ጋር ሲዳቀል ትሪፕሎይድ ልጆች ሊሰጥ ይችላል። በችግኝ ቅጥያ ለማባዛት ከሆነ ንብርብሮቹ በቡቃያው ውስጥ አብረው ስለሚሄዱ ሁለቱም ባሕርያቸውን ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ።

እያንዳንዱ መለኪያ የሚናገረው ስለ የትኛው ክፍል ነው?

የመለኪያ ዘዴዎቹን በቅደም ተከተል ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱ የትኛውን ንብርብር እንደሚያይ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የቅጠል ቀዳዳ ርዝመትና በጠባቂ ሕዋሳት ውስጥ ያሉት ክሎሮፕላስቶች ብዛት ርካሽና ፈጣን መለኪያዎች ናቸው። በድንች ለምሳሌ አንድ ጠባቂ ሕዋስ በዲፕሎይድ ከ7 እስከ 8፣ በቴትራፕሎይድ ከ12 እስከ 14 ገደማ ክሎሮፕላስቶች ይኖሩታል። ጠባቂ ሕዋሳት በአብዛኛው ኢንዶሪዱፕሊኬሽን ስለማያደርጉ መለኪያው በዕድገት ልዩነት አይደናገርም። ይሁን እንጂ ምስክርነቱ ስለ መጀመሪያው ንብርብር ብቻ ነው።

የጽጌ ብናኝ መጠን የሁለተኛው ንብርብር ምስክር ነው። የብናኙ ይዘት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 1.26 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚጨምር ልዩነቱን በዓይን ግምት ሳይሆን በብዙ ብናኞች ልኬት መለየት ያስፈልጋል። በአንድ አበባ ውስጥ ሁለት መጠን ያላቸው ብናኞች መታየታቸው ንብርብሩ ራሱ የተቀላቀለ መሆኑን ወይም ያልተቀነሱ ጋሜቶች መኖራቸውን ሊያመለክት ይችላል።

የሥር ጫፍ ቆጠራ ክሮሞዞሞቹን በቀጥታ ስለሚያሳይ እስከ አሁን የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ አኒዩፕሎይድን በትክክል ለመለየትም ይመረጣል። ነገር ግን የታከመው የችግኙ የላይ ጫፍ ከሆነ ሥሩ መድኃኒቱ አልነካውም። ከቁራጭ የተነሣ ሥር ደግሞ የሚመሰክረው በዋናነት ስለ ውስጠኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ቆጠራው ሙሉ ዋጋ የሚያገኘው ከታከመው ተክል ሥር ላይ ሳይሆን ከዘሩ በበቀሉት ልጆች ሥር ላይ ሲደረግ ነው። እንደ ጤፍ ክሮሞዞሞቹ እጅግ ትንንሽ በሆኑ ሰብሎች ላይ ሥራው ብዙ ልምድ ይጠይቃል።

ከ1983 ወዲህ በዕፅዋት ላይ የተስፋፋው ፍሎው ሳይቶሜትሪ በደቂቃዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ኒውክሊየሶችን ዲኤንኤ ይለካል። ከወጣት ቅጠል የተወሰደ ናሙና የሁሉንም ንብርብሮች ኒውክሊየሶች ስለሚይዝ ድብልቅን ለማየት ያመቻል። አደናጋሪው የ4ሲ ጫፍ ነው። ይህ ጫፍ ሦስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ለመከፈል የተዘጋጀ ዲፕሎይድ ሕዋስ፣ ኢንዶሪዱፕሊኬሽን ያደረገ ዲፕሎይድ ሕዋስ፣ ወይም ገና ያልተባዛ ቴትራፕሎይድ ሕዋስ። ሙሉ ቴትራፕሎይድ ተክል የሚለየው የ2ሲ ጫፍ ፈጽሞ በመጥፋቱ ነው። የ2ሲ ጫፍ እያለ የ4ሲው ከፍ ካለና 8ሲም ከታየ ግን ተክሉ ሚክሶፕሎይድ መሆኑ ወይም ቅጠሉ ጎልማሳ መሆኑ በዚህ ብቻ አይለይም። መፍትሔው ቀላል ነው። ያልታከመ ተክል ከተመሳሳይ ዕድሜና ከተመሳሳይ አንጓ በተወሰደ ቅጠል አብሮ ይለካል፤ ከታከመው ተክልም ከተለያዩ ቅርንጫፎች ናሙና ይወሰዳል። በተጨማሪም መሣሪያው የዲኤንኤ መጠንን እንጂ ክሮሞዞምን እንደማይቆጥር መዘንጋት አይገባም።

ለዝርያ ማሻሻል የዋለባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሆን ብሎ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ነው። በዓለም የታወቀው ምሳሌ ጃፓናዊው ሂቶሺ ኪሃራ በ1951 በጻፈው ሥራ ያስተዋወቀው ዘር አልባ ሐብሐብ ነው። ሐብሐብ 22 ክሮሞዞሞች አሉት። የችግኙ ጫፍ በኮልቺሲን ታክሞ 44 ክሮሞዞሞች ያሉት መስመር ይወጣል፤ ይህ እንደ እናት ሆኖ ከዲፕሎይድ አባት ጋር ሲዳቀል 33 ክሮሞዞሞች ያሉት ትሪፕሎይድ ዘር ይገኛል። ትሪፕሎይዱ ክሮሞዞሞቹን በእኩል ማጣመር ስለማይችል ፍሬው የጎለመሰ ዘር አይዝም። በዚህ ሂደት የታከመው የመጀመሪያው ትውልድ አብዛኛውን ጊዜ ድብልቅ ነው። ስለዚህ አሻሻዩ የሚያምነው የታከመውን ተክል መልክ ሳይሆን ከእርሱ ፍሬ የተገኙትን ልጆች ቆጠራ ነው። ዘር ውስጥ ማለፍ ራሱ እንደ ወንፊት ያገለግላል፤ ከአንድ ሕዋስ የሚነሣው ጽንስ በሁሉም ንብርብሮቹ አንድ ዓይነት ይሆናልና።

ለቡና ይህ ዘዴ ከባድ ጥያቄን መልሷል። አረቢካ ቴትራፕሎይድ ሲሆን ባለ 44 ክሮሞዞም ነው። ለቅጠል ዋግ በሽታ የመቋቋም ዘረመል የሚገኝበት ካኔፎራ (ሮቡስታ) ግን ዲፕሎይድ ሆኖ 22 ክሮሞዞሞች አሉት። ሁለቱ በቀጥታ ሲዳቀሉ የሚገኘው ባለ 33 ልጅ በአብዛኛው መካን ነው። በብራዚል የካምፒናስ የግብርና ምርምር ተቋም ካኔፎራ በኮልቺሲን እጥፍ ከተደረገ በኋላ በ1950 ከአረቢካ ጋር ተዳቀለ፤ ልጆቹም ደጋግመው ወደ አረቢካ ሲመለሱ ኢካቱ የተባለው የዝርያ ቡድን ተገኘ። በቲሞር ደሴት የተገኘው የሁለቱ ዝርያዎች የተፈጥሮ ድቅል ግን ባለ 44 ክሮሞዞም ሆኖ የተገኘው ያለ መድኃኒት ነው፤ ለዚህም ከካኔፎራ ወገን ያልተቀነሰ ጋሜት እንደተሳተፈ ይታመናል። የክሮሞዞም ልዩነት አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለይ ግድግዳ ቢሆንም፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የሚፈጠር መታጠፍ ግድግዳውን ማለፊያ በር ሊሆን እንደሚችል ሁለቱም ያሳያሉ።

ሁለተኛው መንገድ ክሮሞዞም ማጣትን ለጥቅም ማዋል ነው። ካሻ እና ካዎ በ1970 ገብስን ሆርዲየም ቡልቦሰም ከተባለ የዱር ዘመዱ ጋር ሲያዳቅሉ አንድ ያልተጠበቀ ነገር በስፋት አገኙ። ጽንሱ መጀመሪያ ከሁለቱም ወላጆች ሰባት ሰባት ክሮሞዞም ይይዛል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ግን ሕዋሳቱ በሚከፋፈሉበት ጊዜ የዱሩ ክሮሞዞሞች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ጽንሱ ተለይቶ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ሲያድግ ሰባት የገብስ ክሮሞዞሞች ብቻ ያሉት ሃፕሎይድ ተክል ይሆናል። ቁጥሩ እጥፍ ሲደረግ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት የሆነ መስመር ይገኛል፤ በተለመደው ራስን የማዳቀል መንገድ ይህን ለማግኘት በርካታ ትውልዶች ያስፈልጋሉ። በካናዳ ሚንጎ የተባለው የገብስ ዝርያ በዚሁ ዘዴ ተገኝቷል። በስንዴም ከበቆሎ ብናኝ ጋር ሲዳቀል የበቆሎው ክሮሞዞሞች ከጽንሱ ስለሚጠፉ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። የጠፉት ክሮሞዞሞች ማጠንጠኛቸው የሆነው ሴንትሮመር በአግባቡ አለመሥራቱ ለመጥፋታቸው ቁልፍ ምክንያት መሆኑ በኋላ ተደርሶበታል። ራቪ እና ቻን በ2010 በአራቢዶፕሲስ ላይ የሴንትሮመርን ፕሮቲን በመቀየር ብቻ ሃፕሎይድ ተክል ማግኘታቸው የዚሁ ዕውቀት ፍሬ ነው።

በሃፕሎይዶች ላይ ካይሜራ መሆን ያን ያህል አያስጨንቅም። የታከመ የስንዴ ሃፕሎይድ ተክል አካሉ በአብዛኛው ሃፕሎይድ ሆኖ ቢቀርም አንድ የጎን ቡቃያ እጥፍ ከሆነ ዘር የሚይዘው ያ ቡቃያ ነው። ሃፕሎይዱ ክፍል መካን ስለሆነ ተክሉ ራሱ የተለወጠውን ኅብረ ሕዋስ ለይቶ ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ በአካሉ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለውን ልዩነት በቲሹ ካልቸር ማውጣት ነው። ቁስልና የዕድገት ሆርሞን የጎለመሱ ሕዋሳትን ወደ ክፍፍል ሲመልሱ ኢንዶሪዱፕሊኬሽን ያደረጉትም አብረው ይነሣሉ። ከሜሎን የመጀመሪያ ቅጠሎች፣ ከድንች ቅጠልና ግንድ ቁራጭ ያለ ኮልቺሲን ቁጥራቸው እጥፍ የሆኑ ተክሎች የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በድንች ማሻሻል ከ48 ወደ 24 ክሮሞዞሞች የወረዱ መስመሮችን ወደ ቀድሞው ቁጥር ለመመለስ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። ጥቅሙ ተክሉ ከአንድ ሕዋስ የሚነሣ ከሆነ ካይሜራ የመሆን ዕድሉ ማነሱ ነው።

የጤፍ ትምህርት

በ2006 ያልተዳቀሉ የጤፍ አበቦችን በካልቸር ላይ በማሳደግ ተክል ማግኘት እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት ታትሟል። ጤፍ በአንድ ጥቃቅን አበባ ውስጥ ራሱን የሚያዳቅል፣ ለእጅ ማዳቀል አስቸጋሪ የሆነ ሰብል ነው። ስለዚህ ከእንቁላል ሕዋስ በቀጥታ ወጥ መስመር ማግኘት ለአሻሻዩ ብዙ ወቅቶችን ይቆጥባል። በጥናቱ በፍሎው ሳይቶሜትሪ የተለኩት ተክሎች ግማሽ ቁጥር ያላቸው፣ ትሪፕሎይድ፣ ቴትራፕሎይድና ኦክቶፕሎይድ ሆነው ተገኙ፤ አብዛኞቹ ቴትራፕሎይድ ነበሩ።

ጤፍ በተፈጥሮው ቴትራፕሎይድ ስለሆነ ይህ ውጤት ሁለት ንባብ አለው። ባለ 40 ክሮሞዞሙ ልጅ ከእንቁላል ሕዋስ ተነሥቶ በካልቸሩ ውስጥ ቁጥሩ የታጠፈ ከሆነ የሚፈለገው ወጥ መስመር ነው። ከእናቲቱ የአበባ አካል ተነሥቶ ከሆነ ግን የእናቲቱ ቅጂ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥር አይለያቸውም። የሚለያቸው የመነሻ ኅብረ ሕዋሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ማለትም ድቅል ከሆነች እናት የተገኙትን ልጆች በዘረመል ምልክት መመርመር ወይም ዘራቸውን ዘርቶ ወጥነታቸውን ማየት ነው። ግማሽ ቁጥር ያላቸው ተክሎች ግን ከጋሜት መስመር እንደመጡ በራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም ለአሻሻዩ እምነት የሚጣልባቸው እነርሱ ናቸው።

በማይዘሩ ሰብሎች ላይ ያለው አደጋ

በዘር የሚባዛ ሰብል የተሳሳተውን ሕዋስ በጋሜት ወንፊት ያጣራል። በአካል ክፍል የሚባዙ እንሰት፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳና ድንች ይህ ወንፊት የላቸውም። በካለስ ውስጥ ያለፉ ሕዋሳት በዘረመልና በክሮሞዞም ቁጥር እንደሚለያዩ በሰፊው ታይቷል፤ ላርኪን እና ስኮውክሮፍት በ1981 ለዚህ ክስተት ሶማክሎናል ልዩነት የሚል ስም ሰጥተውታል። ሙራሺጌ እና ናካኖም በ1967 በትምባሆ ላይ ባደረጉት ሥራ የክሮሞዞም ሥርዓታቸው የተዛባ ሕዋሳት ቡቃያ የመስጠት ችሎታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በሸንኮራ አገዳ በአንድ ተክል ውስጥ እንኳ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሕዋሳት መኖራቸው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። አንድ የተሳሳተ ቡቃያ በቤተ ሙከራ ወደ ሺዎች ከተባዛ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ስለዚህ የችግኝ ብዜት ዓላማ የዝርያውን ማንነት መጠበቅ ሲሆን በቅጠል ብብት ካሉ ቡቃያዎች መነሣት ይመረጣል፤ እነዚህ የዕድገት ጫፉን ንብርብሮች ይዘው ይወጣሉና። ዓላማው አዲስ ልዩነት መፈለግ ከሆነ ካለስ ተገቢ መንገድ ሊሆን ይችላል። እንሰት በዚህ ረገድ ትኩረት የሚስብ ሰብል ነው። ገበሬው አሚቾውን ቆርጦ መካከለኛውን የዕድገት ጫፍ ካስወገደ በኋላ ቀብሮ ብዙ ቡቃያ ያወጣል። እነዚህ ቡቃያዎች ከነባሩ ጫፍ ሳይሆን ከአሚቾው ኅብረ ሕዋስ አዲስ የሚነሡ ናቸው። እንዲህ ያሉ ቡቃያዎች የካይሜራን ንብርብሮች ሊያፈርሱና ከውስጠኛው ክፍል ብቻ የተሠራ ተክል ሊሰጡ እንደሚችሉ ከሌሎች ሰብሎች ይታወቃል። ስለዚህ በእንሰት ላይ ኮልቺሲን ወይም ጨረር የሚጠቀም ጥናት ይህን የቆየ የአባዜ ዘዴ ድብልቅን ለማጣራት ሊጠቀምበት ይችላል፤ በአንጻሩ በንብርብር ላይ የተመሠረተ ጥሩ ባሕርይ በዚሁ ዘዴ ሊጠፋ እንደሚችልም ማሰብ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የዕፅዋት አካል በክሮሞዞም ቁጥር ወጥ አለመሆኑ ጉድለት አይደለም። በከፊል የዕድገት መሣሪያ፣ በከፊል የዝርያ ማሻሻያ ጥሬ ዕቃ ነው። ሐብሐቡን ዘር አልባ ያደረገው፣ የሮቡስታን በሽታ መቋቋም ወደ አረቢካ ያሻገረው፣ የገብስ መስመርን በአንድ ትውልድ ወጥ ያደረገው የሕዋስ ውስጥ ለውጥ በትክክለኛው ኅብረ ሕዋስ መያዙ ነው።

ከዚህ በመነሣት በመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ በምርምር ዘገባ ላይ ‹ቴትራፕሎይድ ተገኘ› የሚል ዓረፍተ ነገር አራት ነገሮችን ይዞ ቢጻፍ ይታመናል፤ የተለካው ኅብረ ሕዋስ፣ የኅብረ ሕዋሱ ዕድሜ፣ ያልታከመው ማነጻጸሪያ ያሳየው ውጤት፣ እንዲሁም የልጆቹ ቆጠራ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሊሟሉ ይችላሉ። አራተኛው ሌላ የዘር ወቅት ይጠይቃል፤ ሆኖም የተለወጠውን ተክል ከተለወጠ ቅጠል የሚለየው እርሱ ብቻ ስለሆነ በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ከመጀመሪያው ቦታ ሊሰጠው ይገባል።